ማቴዎስ ታልቦት፦ ዕዳውን የመለሰ የቀን ሠራተኛ

ስለ መባ፣ ስለ አሥራትና ስለ ምጽዋት በተሰበከ ቁጥር ከምእመናን ዘንድ የሚነሣ አንድ አሳብ አለ። ለእግዚአብሔር መስጠት የተረፈው ሰው ሥራ ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ግን እግዚአብሔር ያዝንለታል እንጂ ምንም አይጠብቅበትም የሚል ነው። አሳቡ ከቅንነት የሚመነጭ ቢሆንም ድኻውን ከሰጪዎች ማኅበር የሚያስወጣ ስለሆነ ሊመረመር ይገባዋል። በወንጌል የተመሰገነችው መበለት ከመዝገቡ የጣለችው ሁለት ሳንቲም ብቻ እንደ ነበር አንባብያን ያስታውሳሉ። በዚህ እትም የምናቀርበውም የሕይወት ታሪክ የባለጸጋ ወይም የካህን ወይም የመነኩሴ ታሪክ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ጡብና ጣውላ ሲሸከም የኖረ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ብዙም ያልተማረ፣ ለ16 ዓመታት ያህል የመጠጥ ባሪያ ሆኖ የቆየ የአንድ አየርላንዳዊ የቀን ሠራተኛ ታሪክ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ክቡር ማቴዎስ ታልቦት ብላ ትጠራዋለች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማቴዎስ ሜይ 2 ቀን 1856 ዓ.ም. በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ ቻርልስ፣ እናቱ ኤልሳቤጥ ይባላሉ። ከተወለዱት 12 ልጆች እርሱ ሁለተኛው ነበር። በዚያን ጊዜ አየርላንድ የድንች ሰብሏን በሽታ አጥፍቶባት ከደረሰባት ታላቅ ረኃብ ከወጣች ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለ ነበሩ የደብሊን ሠራተኞች ኑሮ እጅግ የከፋ ነበር። የታልቦት ቤተ ሰብ ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይኖር ነበር። አባትየው በወደብ መጋዘን ይሠራ ነበር፤ ይሁን እንጂ መጠጥ ይወድ ስለ ነበር የቤቱ ሸክም በአብዛኛው በእናቲቱ ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። ከበኵር ልጁ በቀር ወንዶቹ ልጆች ሁሉ የአባታቸውን መንገድ ተከተሉ።

ማቴዎስ ወደ ክርስቲያን ወንድሞች ትምህርት ቤት ተልኮ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩ በስም መዝገቡ ላይ ከትምህርት የሚሸሽ ልጅ መሆኑን አስፍሮበታል። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ትምህርቱን ትቶ በአንድ የወይንና የቢራ ነጋዴ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ከጠርሙስ ጋር ስለ ነበር ከጠርሙሱ ሥር የሚቀረውን መቅመስ ጀመረ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሰክሮ ወደ ቤቱ ይገባ ጀመር። አባቱ ነገሩን በማየት ከዚያ አስወጥቶ እርሱ ራሱ በሚሠራበት በወደቡ መጋዘን አስገባው። በዚያ የሚከማቸው ደግሞ ዊስኪ ነበር። ከእሳት ወደ ረመጥ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻም ማቴዎስ የግንበኞች ረዳት ሆኖ ጡብና ኖራ ወደ መሸከም ሥራ ገባ። ለሥራው ብርቱ ነበር። አሠሪዎቹ ሌሎቹ ሠራተኞች እርሱን አይተው እንዲፈጥኑ ሲሉ ከፊት እንዲሰለፍ ያደርጉት እንደ ነበር ይነገራል።

የሳምንቱ ደመወዝ ግን ከቅዳሜ አያልፍም ነበር። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ በዱቤ ይጠጣል፤ ዱቤ በተከለከለ ጊዜ ጫማውን አስይዞ ይጠጣል። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ግን አይቻልም፤ የሚያውቁት ሁሉ ደግና ለጓደኞቹ እጁ የማይታጠፍ እንደ ነበር መስክረዋል። በእሑድ ወደ ቅዳሴ መሄዱንም አልተወም፤ ወደ ምሥጢራት ግን ለዓመታት አልቀረበም። ከዚህ ዘመን ድርጊቶቹ አንዱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲያሳዝነው ኖሯል። በመንገድ ላይ ቫዮሊን እየተጫወተ የሚለምን አንድ ድኻ አብሯቸው ሳለ፣ ማቴዎስና ጓደኞቹ ቫዮሊኑን ሰርቀው ሸጡና በዋጋው ጠጡበት። በአገራችን መሰንቆውን የተነጠቀ አዝማሪ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የዚህን በደል ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። የተወሰደው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሰውየው እንጀራ ነው።

በ1884 ዓ.ም. ማቴዎስ የ28 ዓመት ጎልማሳ ሳለ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይሠራ ሰነበተ። ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ በኪሱ አንዲት ሳንቲም አልነበረችም። ጓደኞቹ ደመወዛቸውን ተቀብለው ወደ መጠጥ ቤት የሚያልፉበትን ሰዓት ጠብቆ ከመንገዱ ማእዘን ቆመ። ገንዘብ በነበረው ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ጋብዟልና እነርሱም ዛሬ ግባ ይሉኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። አንድ በአንድ ሰላምታ እየሰጡት አለፉ፤ ግባ ያለው አልነበረም። በኋላ ሲናገር በዚያች ሰዓት ልቡ እንደ ተሰበረ ገልጿል። ቆይቶ ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ።

እናቱ ምሳ እያዘጋጀች ነበር። በቅዳሜ ቀን በዚያ ሰዓት፣ ያውም ሳይጠጣ መምጣቱን አይታ ተደነቀች። ከምሳ በኋላ ከመጠጥ ለመታቀብ ቃል ኪዳን ሊገባ እንደሚሄድ ነገራት። ይህ ቃል ኪዳን በአየርላንድ የታወቀ ሥርዓት ነበር፤ ካፑቺኑ ካህን አባ ቴዎባልድ ማቴዎስ ከ1838 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄዱት ታላቅ እንቅስቃሴ እጅግ ብዙ ሕዝብ በካህን ፊት እየቀረበ ከመጠጥ ለመራቅ ቃል ሲገባ ቆይቷል። ቃል ገብተው ያፈረሱትም ስፍር ቁጥር እንዳልነበራቸው ኤልሳቤጥ ከገዛ ቤቷ ታውቅ ነበር። ስለዚህ በእግዚአብሔር ስም እንዲሄድ፣ የማይጠብቀው ከሆነ ግን ባይገባ እንደሚሻል አስጠንቅቃ መረቀችው። ማቴዎስ በከተማው ወደሚገኘው የሀገረ ስብከቱ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሄዶ ኃጢአቱን ተናዘዘና ለ3 ወር ከመጠጥ ሊርቅ ቃል ገባ። በማግሥቱ እሑድ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬሪዮ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አስቀድሶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቅዱስ ቁርባን ተቀበለ።

አንባቢ ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር ቀላል እንደ ሆነለት እንዳያስብ። እነዚያ 3 ወራት የመከራ ወራት ነበሩ። ሰውነቱ መጠጡን ይጠይቃል፤ ጓደኞቹም በየማእዘኑ አሉ። ለእናቱም 3 ወሩ ባለቀ ቀን ተመልሶ እንደሚጠጣ ይነግራት ነበር። ከሥራ ሲወጣ ወደ መጠጥ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቶ ከሚታወቅበት ሰፈር ራቅ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ይሄድና እስከ መኝታ ሰዓት በዚያ ይቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ከትጋት ሳይሆን ሌላ መሸሸጊያ ስላልነበረው ነው ማለት ይቻላል። እግዚአብሔር ግን ሽሽቱን እንደ ጸሎት ቆጠረለት። 3 ወሩ ባለቀ ጊዜ ቃሉን ለ6 ወር፣ ከዚያም ለዕድሜ ልክ አደሰ። ለ41 ዓመታት ያህል፣ እስከ ሞቱ ቀን፣ አላፈረሰውም።

በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሆነውን አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ጊዜ በኪሱ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ሲያልፍ ፈተናው በርትቶበት ወደ አንድ መጠጥ ቤት ገባ። አሳላፊው በሌሎች ደንበኞች ተይዞ ስለ ነበር ወደ እርሱ አልዞረም። ማቴዎስ ጥቂት ቆሞ ወጣና በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኪሱ ገንዘብ ይዞ ላለመሄድ ወሰነ። በሥራው ቦታ ይሳደብ ስለ ነበርም ይህን ለመተው ከእጅጌው ላይ ሁለት መርፌ ቁልፎችን በመስቀል ቅርጽ ሰክቶ ባያቸው ቁጥር አፉን ይቆጣጠር ነበር። በደስታ የሚያጨሰውን ፒፓም ተወ። ይህኛው ከመጠጡ ይልቅ እንደ ከበደው ተናግሯል።

አሁን ወደ ታሪኩ እምብርት ደርሰናል። ማቴዎስ መጠጥ ከተወ በኋላ ደመወዙ በእጁ መቅረት ጀመረ። ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ በማቅረብ ይጀምራል። እርሱ የጀመረው ግን ከዕዳው ነው። በዱቤ የጠጣባቸውን መጠጥ ቤቶች አንድ በአንድ አስታወሰ። ወደ እያንዳንዱ እየሄደ ገንዘቡን በፖስታ አሽጎ ለባለቤቱ ይሰጥና ሳይቆይ ይወጣ ነበር። አንዳንዶቹ ዕዳውን ረስተውት ነበር፤ እርሱ ግን አልረሳውም። ከሳምንት ደመወዝ ላይ እየተቀነሰ የሚከፈል ስለ ነበር ጥቂት ጊዜ አልወሰደም።

በቋንቋችን ተመለሰ እና መለሰ የሚሉት ሁለት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ወደ እግዚአብሔር የተመለሰ ሰው የወሰደውን ይመልሳል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ከለምጽ ከነጹት ከዐሥሩ መካከልም አንዱ ብቻ ሊያመሰግን ተመለሰ፤ ምስጋናም ለሰጪው የሚመለስ ዕዳ ነውና። ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን መባ እያመጣን የጎረቤትን ብድር ወይም የሠራተኛን ደመወዝ ብናቆይ፣ መባው ከእኛ ሳይሆን ከባለ ገንዘቡ የቀረበ ይሆናል። ይህ ነገር በየስብከቱ እምብዛም ሲነገር አንሰማም።

ከዕዳዎቹ ሁሉ ግን አንዱ አልተከፈለም፤ የቫዮሊኑ ዕዳ። ማቴዎስ ያንን ሰው ለዓመታት ፈለገው። በጎዳናዎች ጠየቀ፣ በድኾች መጠለያዎች ተዘዋወረ፤ አላገኘውም። በመጨረሻ ሰውየው ሞቶ ይሆናል ብሎ ሲያምን የቫዮሊኑን ዋጋ ለነፍሱ ዕረፍት ቅዳሴ እንዲቀደስ ሰጠ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ገንዘቡን ገና ከመጀመሪያው ለቅዳሴ ሰጥቶ ሕሊናውን ማሳረፍ ይችል ነበር፤ ይህ ቀላሉ መንገድ ነው። እርሱ ግን የሰው የሆነውን ለሰው ለመስጠት አቅሙ እስኪያልቅ ፈለገ፤ ሳይችል ሲቀር ብቻ በእግዚአብሔር እጅ አኖረው። እንደዚያም ሆኖ ያ ዕዳ ከልቡ የወጣ አይመስልም።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የመለሰው ጊዜውን ነው። ማቴዎስ የመነኩሴ ሰዓት አልነበረውም፤ ሥራው የሚጀምረው በማለዳ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚቀደሰውን ቅዳሴ አስቀድሶ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይከፈት ደርሶ በደረጃው ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃል። ጉልበቱ ባዶውን መሬት እንዲነካ ብሎ የሱሪውን ጉልበት በቀጭኑ ይተረትረው ነበር፤ በላዩ የሚደርበው ረጅም ካፖርት ይህን ስለሚሸፍንለት ግን ሰው አያይበትም። በኋላ የቅዳሴው ሰዓት ወደ ማለዳው በዘገየ ጊዜ ከሥራው ጋር ተጋጨበት። ያን ጊዜ ሥራውን ለወጠ እንጂ ቅዳሴውን አልተወም። ዘግይቶ ሥራ ወደሚጀምር አንድ ትልቅ የጣውላ ነጋዴ መጋዘን ገባና እስከ መጨረሻው በዚያ ሠራ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲያወጉ ከጣውላው ክምር መካከል ገለል ብሎ ይጸልይ ነበር። ሆኖም ከሥራ ሰዓት አንዲት ደቂቃ አልሰረቀም፤ ለአሠሪው የተሸጠውን ሰዓት ለጸሎት ማዋልም ያው የሌላን ሰው ገንዘብ መባ አድርጎ ማቅረብ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

በ1890 ዓ.ም. በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሦስተኛ ማኅበር ውስጥ ገባ። የሚያርፈው በእንጨት ሳንቃ ላይ ነበር፤ ትራሱም እንጨት ነው። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ተነሥቶ ይጸልያል። ምግቡ በአብዛኛው ደረቅ ዳቦና ስኳርና ወተት የሌለው ሻይ ከካካዎ ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ ሰው ቤት ሲጋበዝ ግን የቀረበለትን ይበላ ነበር። ንባብ እጅግ ያስቸግረው የነበረ ቢሆንም የቅዱስ አጎስጢኖስን ኑዛዜና የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳለስን መጻሕፍት የመሳሰሉትን ጠንካራ መጻሕፍት ያነብ ነበር። ያልገባውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ካህን ይጠይቃል። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት እንዴት እንደሚረዳ በተጠየቀ ጊዜ መንፈስ ቅዱስ እንዲያብራራለት እየለመነ እንደሚያነብ ገልጿል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ያልተማርን ነን ብለው ከንባብ ለሚሸሹ ጎልማሶች ይህን ብትነግሯቸው መልካም ነው።

አንዲት በአንድ ቤት ወጥ ቤት ሆና የምትሠራ ደግ ካቶሊካዊት ስለ ጋብቻ አሳብ አቅርባለት ነበር። ዘጠኝ ቀን ጸልዮ ካሰበበት በኋላ ለብቻው መኖር እንደሚሻለው ነገራት። አባቱ በ1899 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ እናቱን እስከ ሞተችበት እስከ 1915 ዓ.ም. ድረስ አብሯት ኖሮ ጦራት። በቅዳሜው ቀን ለብዙ ዓመታት ደመወዙን የነፈጋትን እናቱን በዚህ መንገድ ካሣት።

ደመወዙ የት እንደሚሄድ የታወቀው ከሞተ በኋላ በተሰበሰበው ምስክርነት ነው። ለቤት ኪራይና ለምግቡ እጅግ ጥቂት አስቀርቶ የቀረውን ይሰጥ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቹ መካከል ብዙ ልጆች ያሏቸውን ያውቃል፤ የልጅ ጫማ ወይም የቤት ኪራይ የጎደለበት ባልደረባው የሚፈልገውን ከእርሱ ያገኝ ነበር። ለድኾች ሕፃናት፣ ለገዳማት፣ ለሩቅ አገር ሚስዮኖችም ይልክ ነበር። የሚሰጠው በስውር ስለ ነበር በአንድ ግቢ ውስጥ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን አያውቅም ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ የቀረበበትን ነቀፋ ማለፍ አይገባም። ደብሊናዊው የቴአትር ጸሐፊ ሾን ኦኬሲ የመሳሰሉ ሰዎች ማቴዎስን አፊዘውበታል። ለድኻው ሠራተኛ ምሳሌ ተደርጎ የሚቀርበው በመብቱ እንዳይነሣ፣ ረኃቡን ችሎ እንዲጸልይ ነው የሚል ነቀፋ ነው። በኦገስት 1913 ዓ.ም. በደብሊን የሆነውን ስናይ ግን ነቀፋው ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። የከተማው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸው በጄምስ ላርኪን ከሚመራው የሠራተኞች ማኅበር እንዲወጡ ጠየቁ፤ እምቢ ባሉ ጊዜ በር ዘጉባቸው። 20,000 ያህል ሠራተኞች ለወራት ከሥራ ውጪ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ተራቡ። ማቴዎስም የማኅበሩ አባል ስለ ነበር ከባልደረቦቹ ጋር ወጣ እንጂ አድማውን አላፈረሰም። ማኅበሩ ለአባላቱ የሚያድለውን የአድማ ድጎማ በመጀመሪያ አልቀበልም አለ፤ ያልሠራሁበት ገንዘብ ነው የሚል ምክንያት ነበረው። በኋላ ግን ተቀብሎ ልጆች ላሏቸው አድመኞች እንዲከፋፈል አደረገ። ይህን ያደረገው ሰው ለፍትሕ ግድ የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በሰልፍ ፊት የሚቆም ሰውም አልነበረም፤ ያልሆነውን ሆነ ብለን ማስጌጥ አያስፈልገንም።

ስለ ሰንሰለቱ ደግሞ አንድ ቃል። ማቴዎስ ታልቦት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሥጋው ላይ ስለ ተገኘው ሰንሰለት ነው። ማቴዎስ የቅዱስ ሉዊስ ማሪ ደ ሞንፎርትን ትምህርት ተከትሎ ራሱን በእመቤታችን እጅ ለጌታ ፈጽሞ የሰጠ ሰው ነበር። የዚህ መንፈሳዊ ባርነት ምልክት አንዳንድ ምእመናን ትንሽ ሰንሰለት ያደርጉ ነበር። በመጠጥ ሰንሰለት ተይዞ የኖረ ሰው ይህን ምልክት ለምን እንደ ወደደው ለመገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሰው እንዲያደርገው አታዝዝም፤ እንዲህ ያለው ተጋድሎም ያለ ንስሐ አባት ፈቃድ አይደፈርም። ታሪኩን ለልጆች የሚያስተምር ሰው ከሰንሰለቱ ባይጀምር እንመክራለን፤ ልጆቹ እርሱን ብቻ ይዘው ይሄዳሉና። በፖስታ ታሽጎ ከተመለሰው ዕዳ ይጀመር።

ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ ጤንነቱ ታወከ። ልቡን ታሞ በሆስፒታል ተኛ፤ የሕሙማንን ቅዱስ ቅባት እስከ መቀበል ደረሰ። ሥራ በማቆሙ ደመወዙ ተቋርጦ በትንሽ የሕመም ድጎማ ይኖር ነበር። በ1924 ዓ.ም. መጨረሻ በቻይና ወንጌልን ለሚሰብኩት አየርላንዳውያን ካህናት በገዛ እጁ አጭር ደብዳቤ ጻፈላቸው። ጽሕፈቱ ያልተማረ ሰው ጽሕፈት ነው። ለ18 ወር ሥራ እንዳልሠራ፣ ካህኑም ሐኪሙም ተስፋ ቆርጠውበት እንደ ነበር፣ ከእንግዲህም የሚሠራ እንደማይመስለው ገለጸላቸው። ከዚህ ጋር ከእርሱ 1 ፓውንድ፣ ከእኅቱ 10 ሽልንግ መላኩን ጠቀሰ። 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ ነው፤ በሳምንት ጥቂት ሽልንግ ብቻ ለሚያገኝ በሽተኛ ከሳምንት ኑሮው የሚበልጥ ገንዘብ ነው። በደብዳቤው ውስጥ የበደል ስሜት ይነበባል፤ ስጦታው ማነሱን እንደሚያስረዳ ሰው ነው ሥራ አለመሥራቱን የነገራቸው። መልካም ሠራተኛ ከአሠሪው ፊት ቆሞ የቀረበትን ቀን እንደሚያስረዳ ማለት ነው።

በ1925 ዓ.ም. ጸደይ ጥቂት ተሽሎት ወደ ጣውላው መጋዘን ተመለሰ። ጁን 7 ቀን 1925 ዓ.ም. የቅድስት ሥላሴ እሑድ ነበር። ማለዳ ቅዳሴ አስቀድሶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ዳግመኛ ለማስቀደስ ወደ ዶሚኒካውያን ቤተ ክርስቲያን ሲያመራ ግራንቢ ሌይን በተባለች ጠባብ መንገድ ላይ ወደቀ። መንገደኞች ውኃ አምጥተውለት፣ ካህንም መጥቶ ጸሎት አድርሶለት በዚያው አረፈ። 69 ዓመቱ ነበር። ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ አስከሬኑ ወደ አንድ ሆስፒታል ተወሰደ። ልብሱን ሲያወልቁ ሰንሰለቶቹን ያገኙት በዚያ ነው። ጁን 11 ቀን፣ በቅዱስ ሥጋሁ ወክቡር ደሙ በዓል፣ በግላስኔቪን መካነ መቃብር ጥቂት ሰዎች በተገኙበት ተቀበረ።

ብዙም ሳይቆይ የሕይወት ታሪኩ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ከአየርላንድ ውጪ ተሰራጨ። በ1931 ዓ.ም. የደብሊን ሊቀ ጳጳስ ስለ ቅድስናው የሚካሄደውን ምርመራ ከፈቱ፤ ኦክቶበር 3 ቀን 1975 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ክቡር የሚለውን ማዕረግ ሰጡት። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አፅሙ ይኖርበት በነበረው ሰፈር በሚገኘው በሉርድ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል። ከመጠጥና ከሌሎች ሱሶች ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች፣ የእነርሱም እናቶችና ሚስቶች በዚያ ይጸልያሉ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በሊፊ ወንዝ ላይ አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በስሙ ተሰየመ። ድልድዩ የቆመው ከአባቱ ጋር ሆኖ ዊስኪ ከሚጫንበት ከድሮው የወደብ መጋዘን አጠገብ ነው።